ዓባይን ለመለካት የተፈለሰፈው ቁጥር የልብ ምት ላይ ምን ይሠራል?

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ከተመረቀ ወዲህ ስለ ዓባይ የሚነሣው ጥያቄ መልኩን ቀይሯል። ቀድሞ «ይሞላል ወይ?» ይባል ነበር፤ አሁን «ዝናቡ አራት አምስት ዓመት በተከታታይ ቢያጥርስ?» ይባላል። ከዚህ ፈጽሞ የራቀ የሚመስል ሌላ ወሬም አለ። የእጅ ሰዓቶችና የስልክ መተግበሪያዎች የልብ ምትን መለዋወጥ በቁጥር ያሳያሉ፤ ቁጥሩ ሲወርድ ባለቤቱ ይደነግጣል፣ ሲወጣ ይጽናናል። ሁለቱ ወሬዎች የሚገናኙት አንድ ሒሳብ ላይ ነው። ሒሳቡን የጀመሩትም የናይልን ውኃ ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው።

ይህ ሒሳብ «ራሱን የሚመስል የዘፈቀደ ሂደት» ይባላል። «የዘፈቀደ ሂደት» ሲባል የሚቀጥለውን ዋጋ አስቀድሞ መናገር የማይቻልበት፣ ነገር ግን የዕድል ሕግ ያለው ተከታታይ ክስተት ማለት ነው፤ የየዓመቱ ክረምት፣ በሁለት የልብ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ፣ በውኃ ላይ የሚንገዋለል ብናኝ እንደዚህ ያሉ ናቸው። «ራሱን የሚመስል» የሚለው ክፍል ግን ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ስለሚነገር ቀስ ተብሎ ሊታይ ይገባል። ከትርጉሙ በፊት ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማየቱ ይቀላል።

ግድቡን የሚያስጨንቀው ቅደም ተከተሉ ነው

እንግሊዛዊው የውኃ ባለሙያ ሃሮልድ ኤድዊን ኸርስት እ.ኤ.አ. በ1906 ካይሮ ገብተው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ናይልን አጥንተዋል፤ ግብፆች «አቡ ኒል» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ጥያቄያቸው የግድብ ሠሪ ጥያቄ ነው፦ በየዓመቱ አማካዩን ያህል ውኃ ሳያጓድሉ ለመልቀቅ፣ ማጠራቀሚያው ስንት መያዝ አለበት?

ለማስረዳት ያህል ብቻ የተዘጋጁ ስድስት የፍሰት ቁጥሮችን እንውሰድ፤ በቢሊዮን ሜትር ኩብ ይሁኑ፦ 52፣ 55፣ 50፣ 45፣ 44፣ 48። አማካያቸው 49 ነው። እያንዳንዱ ዓመት ከአማካዩ ያለው ልዩነት በቅደም ተከተል 3፣ 6፣ 1፣ ሲቀነስ 4፣ ሲቀነስ 5፣ ሲቀነስ 1 ይሆናል። እነዚህን እየደመርን ስንሄድ 3፣ 9፣ 10፣ 6፣ 1፣ 0 እናገኛለን። ከፍተኛው 10፣ ዝቅተኛው 0 ስለሆነ ርቀታቸው 10 ነው። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ በጥጋቡ ዓመታት የተረፈውን ይዞ ለችግሩ ዓመታት ለማድረስ 10 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ቦታ ያስፈልጋል።

አሁን እነዚያኑ ስድስት ቁጥሮች ቦታቸውን ብቻ እንቀያይር፦ 52፣ 45፣ 55፣ 44፣ 50፣ 48። አማካዩ ያው 49 ነው፤ ከአማካዩ የመራቃቸው መጠንም አልተለወጠም። ድምሩ ግን 3፣ ሲቀነስ 1፣ 5፣ 0፣ 1፣ 0 እያለ ይሄዳል፤ ርቀቱ 6 ነው። ውኃው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ክፉው ዓመት ከደጉ ጋር እየተፈራረቀ ሲመጣ 6 የሚበቃው ግድብ፣ ደጉ ከደጉ፣ ክፉው ከክፉው ጋር ተጎዳኝቶ ሲመጣ 10 ይፈልጋል።

ኸርስት ይህን ርቀት በመደበኛ ልይይት አካፈሉት። መደበኛ ልይይት ቁጥሮቹ ከአማካያቸው በጥቅሉ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚገልጽ መለኪያ ነው፤ በምሳሌያችን በሁለቱም ድርድር 3.83 ስለሆነ፣ ውጤቱ በመጀመሪያው 2.61፣ በሁለተኛው 1.57 ነው። ቀጥሎ የሚጠየቀው ዘመኑ ሲረዝም ይህ ውጤት በምን ፍጥነት ያድጋል የሚለው ነው። ዓመታቱ እንደ ሳንቲም ውርወራ አንዱ ከሌላው የማይገናኝ ቢሆን ኖሮ ዕድገቱ በዘመኑ ርዝመት ዳግም ዘር ልክ፣ ማለትም በ0.5 ኃይል ይሆን ነበር። ኸርስት እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተሙት ጥናት ወንዝ፣ ዝናብ፣ ሙቀት፣ የዛፍ ዓመታዊ ቀለበት፣ የሐይቅ ደለል እያሉ ብዙ መዝገቦችን ፈትሸው ያገኙት ግን በአማካይ 0.73 አካባቢ ነው። ዛሬ ይህ ቁጥር የኸርስት መለኪያ፣ በአጭሩ «ኤች» ይባላል።

0.5 እና 0.73 በወረቀት ላይ የተቀራረቡ ይመስላሉ። ለ100 ዓመት ሲሰሉ ግን ዓመታቱ የማይገናኙ ከሆኑ የሚያስፈልገው ማጠራቀሚያ የመደበኛ ልይይቱን 12.5 እጥፍ ሲሆን፣ በኸርስት ቀመር 17.4 እጥፍ ይደርሳል። ልዩነቱ 40 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ያህል የሚያሳንስ ስሌት የሠራ መሐንዲስ ስህተቱን የሚያውቀው ድርቁ ሲመጣ ነው።

ራስን መምሰል ሲባል

ከጮቄ ተራራ ግርጌ ያለ አንድ የተሸረሸረ ማሳ ፎቶ አንሥተን ሰውም ከብትም ሳናስገባበት ለሌላ ብናሳየው፣ የሚታየው ሁለት ክንድ ጥልቀት ያለው ቦረቦር ይሁን ወይስ ደጀን ላይ ቁልቁል የሚታየው የዓባይ ሸለቆ፣ ለመለየት ይቸገራል። ትንሹ የትልቁ ግልባጭ አይደለም፤ እያንዳንዱ ጉጥና እጥፋት ይለያል። የሚመሳሰለው አቀራረጹ፣ የመሰባበሩ ጠባይ ነው። በዘፈቀደ ሂደት ራስን መምሰልም እንዲሁ ነው። የ10 ዓመቱ መስመር የ100 ዓመቱን መስመር አይደግምም፤ መጠኑ በትክክለኛው ልክ ተዘርግቶ ሲታይ ግን የዕድል ስርጭታቸው አንድ ይሆናል።

ልኩን የሚሰጠው ኤች ነው። ዘመኑ እጥፍ ሲሆን የሂደቱ መወዛወዝ በ2 ኃይል ኤች ያድጋል፤ ኤች 0.5 ሲሆን 1.41 ጊዜ፣ 0.73 ሲሆን 1.66 ጊዜ። ሐሳቡን ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ኮልሞጎሮቭ እ.ኤ.አ. በ1940 አንሥቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 የሒሳብ ሊቃውንቱ ማንደልብሮትና ቫን ኔስ «ክፍልፋይ የብራውን እንቅስቃሴ» ብለው (የብራውን እንቅስቃሴ ከላይ ያነሣነው በውኃ ላይ የሚንገዋለል ብናኝ ጉዞ ነው) ስም አውጥተው ከኸርስት ግኝት ጋር አያያዙት።

ኤች ከ0.5 ሲበልጥ ሂደቱ ይጎዳኛል፦ ከአማካይ በላይ የሆነ ዓመት ከኋላው ሌላ ከአማካይ በላይ የሆነ ዓመት የማስከተል ዝንባሌ አለው። ለምሳሌ ኤች 0.75 ሲሆን በሁለት ተከታታይ ዓመታት መካከል ያለው ተዛምዶ 0.41 ነው፤ 0 አለመገናኘት፣ 1 ፍጹም መከተል ማለት ነው። ከ0.5 ሲያንስ ተቃራኒው ነው፤ የወጣው ቶሎ ይወርዳል። 0.5 ላይ ትናንት ስለ ነገ ምንም አይናገርም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ማረም ያስፈልጋል። መጎዳኘት ዙር አይደለም። «ድርቅ በየአሥር ዓመቱ ይመጣል» ወይም «ሰባት ደግ፣ ሰባት ክፉ» የሚለው አነጋገር ቋሚ ጊዜ ያለው ዙር ይገምታል። ከፍተኛ ኤች ያለው ሂደት ግን ቋሚ ርዝመት የለውም፤ ክፉው ዘመን ሦስት ዓመትም፣ ዘጠኝ ዓመትም፣ ሠላሳ ዓመትም ሊቆይ ይችላል፣ መቼ እንደሚያበቃም ምልክት አይሰጥም። ማንደልብሮትና ዋሊስ ይህን ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1968 «የዮሴፍ ክስተት» ሲሉት ከዘፍጥረት የወሰዱት የክፉና የደግ ዓመታትን መጎዳኘት ነው እንጂ ሰባት የሚለውን ቁጥር አይደለም። አጠገቡ «የኖኅ ክስተት» ብለው ያስቀመጡት ሌላ ነገር ነው፦ አንድ ጊዜ መጥቶ ሁሉን የሚያጥለቀልቅ ከልክ ያለፈ ዋጋ። አንድ ወንዝ ሁለቱም ሊኖሩት ይችላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን አይገናኝም። ለዮሴፍ ጎተራ ይሠራል፣ ለኖኅ ደግሞ የግድቡ ማስተንፈሻ በር ይሰፋል።

ለጣናና ለዓባይ ምን ይለውጣል?

የመጀመሪያው ለውጥ አማካይ ላይ ያለን እምነት ነው። በተለምዶ የአንድ ቦታ የአየር ጠባይ የሚገለጸው በ30 ዓመት አማካይ ነው። ዓመታቱ ባይገናኙ ኖሮ የ30 ዓመት አማካይ ስህተት የመደበኛ ልይይቱ 18 በመቶ ብቻ ይሆን ነበር። ኤች 0.73 ከሆነ ግን ስህተቱ 40 በመቶ ይደርሳል። በሌላ አነጋገር አማካዩን ለማወቅ ሲባል 30 ዓመት መዝገብ የሚሰጠው መረጃ 6 የማይገናኙ ዓመታት የሚሰጡትን ያህል፣ 100 ዓመት መዝገብም 12 ዓመት የሚሰጡትን ያህል ብቻ ነው። በዓባይ ድርድር ላይ «የረጅም ዘመን አማካይ» እየተባለ የሚቀርብ ቁጥር ሁሉ በዚህ ሚዛን መመዘን አለበት። ለአስዋን የሚጠቀሰው 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ዓመታዊ ፍሰት፣ ለምሳሌ፣ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1959 ያለው የ60 ዓመት አማካይ ነው። ሌላ 60 ዓመት ሌላ ቁጥር ቢሰጥ አንዱ ውሸታም ሆኖ አይደለም፤ ሂደቱ እንደዚያ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ የማጠራቀሚያ ጉዳይ ነው። የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ዓባይ በድንበሩ ላይ የሚያሳልፈው ዓመታዊ ውኃ ደግሞ በአማካይ 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ስለዚህ ግድቡ የዓመት ተኩል ፍሰት ያህል ይይዛል። ከአንድ ክፉ ዓመት ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ነው። ጥያቄው ክፉዎቹ ሲጎዳኙ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ዓመታቱን የማይገናኙ አድርጎ የሚያመነጭ ሞዴል ረጅም የድርቅ ዘመንን እጅግ ብርቅ አድርጎ ያሳያል፤ ኤች 0.7 ይዞ የሚያመነጨው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያሳያል። «ተራዛሚ ድርቅ» የሚለው ቃል በስምምነት ሰነድ ውስጥ የሚያወዛግበውም ስለዚህ ነው፤ ተወያዮቹ ሳይናገሩት ሁለት የተለያዩ ሞዴሎች ይዘው ሊቀመጡ ይችላሉ።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ መረጃው ላይ ነው። በካይሮ ሮዳ ደሴት የቆመው የናይል መለኪያ መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ622 ጀምሮ ይታወቃል፤ ተመራማሪዎች አዘውትረው የሚጠቀሙበት ከ622 እስከ 1284 ያለው ክፍል የየዓመቱን ዝቅተኛ የውኃ ከፍታ የያዘ ነው። ዝቅተኛው ከፍታ የሚመዘገበው የእኛ ክረምት ከመድረሱ በፊት ስለሆነ፣ በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ነጭ ናይልና ስለ ታላላቅ ሐይቆች ነው። የጎጃምን፣ የጎንደርንና የወሎን ክረምት የሚያንጸባርቀው የከፍተኛው ሙላት መዝገብ ነው። ከዝቅተኛው መዝገብ የተገኘን ኤች በቀጥታ ለዓባይ መስጠት ስህተት ነው፤ ብዙ ጊዜም ይፈጸማል።

ሐይቁም የራሱን ያደርጋል። ግልገል ዓባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ፣ ጉማራና ርብ ከምሥራቅ፣ መገጭ ከሰሜን ጣና ይገባሉ። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው ጣና የሚገባለትን ውዝዋዜ አስተካክሎ ስለሚያወጣ፣ ባሕር ዳር ላይ የሚለካው ፍሰት ከግልገል ዓባይ ይልቅ የተጎዳኘ ሆኖ መታየቱ አይቀርም። ያ የዝናቡ ጠባይ ሳይሆን የሐይቁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ደግሞ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ የሐይቁን መውጫ ስለያዘው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የጣና በለስ የኃይል ማመንጫም በዋሻ ውኃ ወደ በለስ ማሳለፍ ስለጀመረ፣ የባሕር ዳር መዝገብ ሳይታረም ከተሰላ የሚለካው የሰው ውሳኔ ነው።

ትዝታ ነው ወይስ እርግጠኛ አለመሆን?

ኸርስት ያገኙት ነገር እውነት መሆኑን የሚክድ ባለሙያ ብዙ የለም። ክርክሩ ምክንያቱ ላይ ነው። አንድ ወንዝ የዛሬ መቶ ዓመት የዘነበውን እንዴት «ያስታውሳል»? አፈርና የከርሰ ምድር ውኃ ወራትን፣ አልፎም ዓመታትን ይይዛሉ፤ ምዕተ ዓመትን ግን አይይዙም።

የውኃ ምሁሩ ቪት ክሌመሽ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳየው አንድ አማራጭ አለ። አማካዩ ራሱ አልፎ አልፎ ደረጃውን የሚቀይር ከሆነ፣ ምንም ረጅም ትዝታ የሌለው ሂደትም ከፍተኛ ኤች ይሰጣል። ሌላው አማራጭ ድምር ነው፤ አንዱ በቀን፣ አንዱ በዓመት፣ አንዱ በአሥር ዓመት የሚዘነጉ ብዙ ቀላል ሂደቶች ሲደመሩ በሰፊ ርቀት ራሱን የሚመስል ሂደት ይመስላሉ። የኤልኒኖ ውዝዋዜ፣ የውቅያኖስ ቀስተኛ ለውጥ፣ የመሬት አጠቃቀም፣ የሐይቅ ማጠራቀም ሲደራረቡ እንዲህ ያለ ነገር ሊወጣ ይችላል።

ግሪካዊው የውኃ ምሁር ኩትሶያኒስ ደግሞ «ትዝታ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል ባይ ናቸው፤ በእርሳቸው አመለካከት ኤች የሚለካው በሁሉም የጊዜ ስፋት ላይ የሚታየውን ለውጥ፣ ስለዚህም የእኛን እርግጠኛ አለመሆን ነው። ለግድብ አስተዳደር ይህ አመለካከት የበለጠ የሚጠቅም ይመስላል። ከፍተኛ ኤች የተገኘ ጊዜ ብዙዎች «እንግዲያውስ መተንበይ እንችላለን» ይላሉ። ለሚቀጥለው ዓመት ጥቂት ጥቅም አለው። ለሚቀጥሉት 30 ዓመታት አማካይ ግን ውጤቱ ተቃራኒ ነው፤ ከሳንቲሙ ሞዴል ይልቅ ብዙ የማናውቀው እንዳለ ይነግረናል።

ወደ ልብ ስንመጣ

ጤነኛ ልብ እንደ ግድግዳ ሰዓት እኩል አይመታም። በደቂቃ 75 የሚመታ ልብ በሁለት ምቶች መካከል በአማካይ 0.8 ሴኮንድ ይቆያል፤ አንዱ ክፍተት 0.76፣ ሌላው 0.85 ሊሆን ይችላል። ልብን የሚያፈጥነው ሲምፓተቲክ የሚባለው የነርቭ ክፍልና የሚያረጋጋው ፓራሲምፓተቲክ በየቅጽበቱ ስለሚጓተቱ ነው፤ ትንፋሽ፣ የደም ግፊት፣ የሰውነት ሙቀት፣ ሆርሞን፣ እንቅልፍ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፍጥነት ይጨምሩበታል። ቆባያሺና ሙሻ እ.ኤ.አ. በ1982 ይህ መለዋወጥ ከሴኮንዶች እስከ ሰዓታት ራሱን የሚመስል መሆኑን አሳዩ።

ልብ ላይ የኸርስት ስሌት እንዳለ አይሠራም። ሰው ሲተኛና ሲነሣ፣ ደረጃ ሲወጣና ሲቀመጥ አማካዩ ስለሚንሸራተት፣ ስሌቱ መንሸራተቱን እንደ መጎዳኘት ይቆጥረዋል። ፔንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ያቀረቡት ዘዴ ይህን ያስተካክላል። ክፍተቶቹ በሚሊ ሴኮንድ በተራ ይጻፋሉ፤ አማካዩ ተቀንሶ እየተደመረ ይኬዳል። ድምሩ እኩል ብዛት ባላቸው ምቶች ይከፋፈላል፣ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይገጠምና ከመስመሩ የሚተርፈው መዋለል ይለካል። የክፍሉ ርዝመት ከ4 ምት ወደ 16፣ ከ16 ወደ 64 እያደገ ይደጋገማል። በመጨረሻ የርዝመቱ ሎጋሪዝም አግድም፣ የመዋለሉ ሎጋሪዝም ሽቅብ ተቀምጦ የመስመሩ ተዳፋት ይነበባል። ይህ ተዳፋት «አልፋ» ይባላል።

አልፋና ኤች ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም። አልፋ 0.5 ከሆነ ክፍተቶቹ አይገናኙም። 1.5 ከሆነ የብራውን እንቅስቃሴ ይመስላሉ። ጤነኛ አዋቂ በረጅም መዝገብ ላይ 1 አካባቢ ይገኛል፤ በፍጹም መበታተንና በፍጹም መንሸራተት መካከል ያለ ቦታ ነው። የልብ ድካም ባለባቸው ሰዎች ረጅሙ ክፍል ላይ አልፋ ከ1 በላይ ሲወጣ፣ አጭሩ ክፍል ላይ ደግሞ ሲወርድ ታይቷል። ይህን ነጥብ አስምሮ ማንበብ ያሻል፦ «ከፍተኛ ጥሩ ነው» ወይም «ዝቅተኛ ጥሩ ነው» የሚባል ነገር የለም። ከ4 እስከ 16 ምት የተሰላውና ከ16 በላይ የተሰላው በአንድ ሕመም ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ሊሄዱ ይችላሉ።

እርምጃም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። ሐውስዶርፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳሳዩት ጤነኛ ሰው በራሱ ፍጥነት ሲራመድ የእርምጃዎቹ ጊዜ በመቶዎች ለሚቆጠሩ እርምጃዎች ይጎዳኛል። ሰውየው በመሣሪያ ምት ልክ እንዲራመድ ሲደረግ ግን መጎዳኘቱ ይጠፋል። እግሩና ጡንቻው አልተለወጡም፤ የተለወጠው ፍጥነቱን የሚወስነው ነገር ነው። ሃንቲንግተን በሚባለው የነርቭ በሽታም መጎዳኘቱ ይዳከማል።

የእጅ ሰዓት የት ይሳሳታል?

ለመነሻ፣ ብዙ ሰዓቶች የሚያሳዩት «የልብ ምት መለዋወጥ» አልፋ አይደለም። ተከታታይ ክፍተቶች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚለያዩ በሚሊ ሴኮንድ የሚናገር የመጠን መለኪያ ነው። ልዩነቱ በወንዙ ምሳሌ ከታየው ጋር አንድ ዓይነት ነው፦ መደበኛ ልይይቱ ሳይለወጥ ቅደም ተከተሉ ሊለወጥ ይችላል፣ በግልባጩም እንዲሁ። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚጽፍ ማስታወቂያ አንባቢውን ያሳስታል።

ቀጥሎ የመለኪያው ዓይነት ይመጣል። ኢሲጂ የልብን ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ ምቱን በሚሊ ሴኮንዶች ልክ ያውቃል። የእጅ ሰዓት በቆዳ ውስጥ የሚያልፈውን ደም በብርሃን ያያል፤ ክንድ ሲንቀሳቀስ፣ ማሰሪያው ሲላላ፣ ቆዳው ሲቀዘቅዝ ምት ያመልጠዋል። በደቂቃ 150 በሚመታ ልብ ላይ አንድ ምት ቢያመልጥ የ0.4 ሴኮንዱ ክፍተት 0.8 ሆኖ ይመዘገባል። እንዲህ ያለ ነጠላ ዝላይ ሳይታረም ሲቀር አልፋን ወደ 0.5 ይጎትተዋል። ሶፍትዌሩ ግራና ቀኙን አይቶ በአማካይ ሲሞላው ደግሞ የሌለ ልስላሴ ይፈጥርና አልፋን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከተራው ውጪ የሚመጣ እውነተኛ ምትም፣ በጤነኛ ሰው ላይም የሚያጋጥም ነው፣ ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል።

በቅርብ ዓመታት ሯጮች የአጭሩን ክፍል አልፋ የልምምድ ጫና ለመለካት ይጠቀሙበታል፤ ጫናው ሲጨምር አልፋ ይወርዳልና 0.75 አካባቢ ከቀላል ሩጫ ወደ መካከለኛ መሸጋገሪያ፣ 0.5 አካባቢ ወደ ከባዱ መሸጋገሪያ ተደርገው ይወሰዳሉ። ሐሳቡ መሠረት አለው። ነገር ግን የሚሰላው በሁለት ደቂቃ፣ ማለትም 300 ገደማ ምት ላይ ስለሆነ ከአንዱ ደቂቃ ወደ ሌላው ብዙ ይዋልላል፤ ከሰው ሰውም ይለያያል። ለዚህ ሥራ የልብን ኤሌክትሪክ የሚይዝ የደረት ቀበቶ ግድ ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ የተለካን ቁጥር በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ባሕር ዳር ከተለካው ጋር ማወዳደርም አይገባም፤ ከፍታው የነርቩን ሚዛን ይለውጣልና። እንቅልፍ ማጣት፣ ትኩሳት፣ ከመለካቱ በፊት የተጠጣ ቡናም ያው ነው። የሚጠቅመው የአንድ ሰው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መሣሪያ ለሳምንታት የተያዘ መዝገብ ነው። የደረት ሕመም፣ ራስ መሳት ወይም ያልተለመደ የልብ መርገብገብ ያለበት ሰው ግን ሰዓቱ «ጥሩ» ቢልም ሐኪም ጋ ሄዶ ኢሲጂ መነሣት አለበት።

አንድ ቁጥር፣ ብዙ ምክንያት

በፊዚክስ ቤት ሐሳቡ የቆየ ነው። ሮበርት ብራውን እ.ኤ.አ. በ1827 ከአበባ ብናኝ የወጡ ቅንጣቶች በውኃ ውስጥ ሲንገዋለሉ አየ፤ አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 የውኃ ሞለኪውሎች ግጭት መሆኑን አስረዳ። ጊዜው አራት እጥፍ ሲሆን ርቀቱ በአማካይ ሁለት እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ ኤች 0.5 ነው። በሕያው ሕዋስ ውስጥ ግን በሞለኪውል በተጨናነቀ ቦታ ቅንጣቱ የወጣበትን ይመለሳል፣ ኤችም ከ0.5 በታች ይወርዳል። ይህን ዝግታ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ያመጡታል፦ ቅንጣቱ በሚለጠጥ ነገር ተከቦ ወደ ኋላ ሲገፋ፣ በየቦታው ተይዞ ሲቆይና ሲለቀቅ፣ ወይም መንገዱ ራሱ የተወሳሰበ ዋሻ ሲሆን። ከመቀዛቀዙ ቁጥር ብቻ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሥር ያለው ሁከትም ሕግ አለው። ኮልሞጎሮቭ እ.ኤ.አ. በ1941 እንዳስቀመጠው ሁለት ነጥቦች ሲራራቁ የፍጥነታቸው ልዩነት በርቀቱ አንድ ሦስተኛ ኃይል ያድጋል፤ ርቀቱ ስምንት እጥፍ ሲሆን ልዩነቱ ሁለት እጥፍ። ሕጉ ከትልቁ ሽክርክሪት በታች፣ የውኃው መጣበቅ ከሚያረግበው ትንሹ ሽክርክሪት በላይ ብቻ ይሠራል። ሁከቱ አልፎ አልፎ በድንገት ስለሚፈነዳም አንድ ኤች አይበቃውም፤ እንዲህ ያሉት ብዙ ኤች ያላቸው ሂደቶች ይባላሉ። ጤነኛ ልብም እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት ከእነዚህ ወገን ሆኖ ተገኝቷል።

ለሚያሰላው ሰው

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ ይህን ስሌት ለመመረቂያ ጽሑፍ ወይም ለሥራ የሚጠቀም ሰው አዘውትሮ የሚሰናከልባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ። ወርሃዊ ፍሰትን እንዳለ ማስላት ትልቁ ነው፤ ክረምትና በጋ ራሳቸው ግዙፍ ውዝዋዜ ስለሆኑ መስመሩ 12 ወር ላይ ይታጠፋል። ከእያንዳንዱ ሐምሌ የሐምሌዎችን አማካይ መቀነስና በሐምሌዎች መደበኛ ልይይት ማካፈል፣ ለሌሎቹም ወራት እንዲሁ ማድረግ ይቀድማል። ቀጥሎ ያለው አጭር መዝገብ ነው። የኸርስት የመጀመሪያ ዘዴ በጥቂት ዓመታት ላይ ዓመታቱ ባይገናኙም ከ0.5 በላይ ይሰጣል፤ 60 ዓመት ላይ የስሌቱ ስህተት ራሱ 0.1 ገደማ ስለሆነ 0.6 እና 0.8 መለየት ያስቸግራል። የዝናብ መለኪያው ከጓሮ ወደ ሌላ ቦታ የተዛወረበት ወይም የወንዙ ወለል በደለል ተለውጦ የከፍታና የፍሰት ሠንጠረዡ ሳይታደስ የቀረበት ዓመት ካለም፣ ያ ድንገተኛ ዝላይ እንደ ተፈጥሮ መጎዳኘት ይቆጠራል። በሎጋሪዝም ወረቀት ላይ መስመር ቀጥ ማለቱም ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ከአጭሩ እስከ ረጅሙ ስፋት ቢያንስ መቶ እጥፍ ካልሸፈነ ብዙ ነገር ቀጥ ብሎ ይታያል።

ቀላሉና ጠንካራው ፈተና ማደባለቅ ነው። ያሉትን ዓመታት ወይም ክፍተቶች በኮምፒውተር ሺህ ጊዜ ቦታ እያቀያየሩ ለእያንዳንዱ ቁጥሩን ማስላት። የመጀመሪያው ድርድር የሰጠው ቁጥር ከሺዎቹ መካከል ከተገኘ፣ ቅደም ተከተሉ የተናገረው ነገር የለም።

ለዓባይ ደግሞ አዲስ ሥራ ተጨምሯል። በድንበሩ ላይ የሚለካው ፍሰት ከእንግዲህ የክረምቱ ሳይሆን የግድቡ ተርባይኖች ፍሰት ነው። የተፈጥሮውን ፍሰት መልሶ ለማግኘት በየቀኑ ከግድቡ የወጣውን፣ በሐይቁ ከፍታ ላይ የተጨመረውን ወይም የተቀነሰውንና በትነት የሄደውን መደመር ያስፈልጋል። ከግድቡ ሽቅብ፣ እንደ ከሴ ባሉ ጣቢያዎችና በገባሮቹ ላይ ያለው መለኪያም ከበፊቱ ይበልጥ ዋጋ አለው። የአንድ ክረምት መዝገብ በዕለቱ ካልተያዘ በኋላ ከየትም አይመጣም፤ ከላይ በታየው ስሌት መሠረት ደግሞ 30 ዓመት ለቅመን የምናገኘው 6 ዓመት ያህል ብቻ ነው።